ጆሮ እኮ አይታይም

በመጀመሪያ ዓመት ሁላችንም የወሰድነውን «ኢንክሉሲቭነስ» የሚባለውን ኮርስ ታስታውሱታላችሁ? ባለ ሁለት ክሬዲት ነው። በ2012 ዓ.ም. በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የአዲስ ገቢዎች የጋራ ኮርሶች ሲከለሱ ከገቡት አንዱ ሲሆን፣ በተማሪው ዘንድ ግን «የኤ መሰብሰቢያ» በመባል ነው የሚታወቀው። እኔም ኤዬን ሰብስቤበታለሁ። ሃንድአውቱን ሁለት ሌሊት ሸመደድኩት። የሳላማንካ መግለጫ 1994 እ.ኤ.አ.፣ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት 2006 እ.ኤ.አ.፣ ኢትዮጵያ ስምምነቱን ያጸደቀችበት ዐዋጅ ቁጥር 676/2002… ሁሉንም ወረቀቱ ላይ አራገፍኩትና ወጣሁ። ሃንድአውቱም ለቀጣዮቹ ጀማሪዎች ተላለፈ።

የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው። ያን ሁሉ ሳነብ የአክስቴ ልጅ አንድም ቀን ትዝ አላለችኝም።

ትዝ ያለችኝ ዘንድሮ ነው፣ ያውም ዶርም ውስጥ። ከእኔ አልጋ በላይ የምትተኛው ጓደኛዬ የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ተማሪ ናት። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ሁላችንም ሥራ ፈትተን ሳለ «ኑ ጆሯችሁን ልፈትናችሁ» አለችን። ከኋላችን ራቅ ብላ ትቆምና ቁጥር በሹክሹክታ ትናገራለች፤ እኛ ዞር ሳንል የሰማነውን ጮክ ብለን መድገም ነው። መሣሪያ የለው፣ ወጪ የለው። በሐኪም ቤት ምርመራ አይተካም፣ ነገር ግን አንድ መምህር የትኛውን ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ እንዳለበት ለመጠርጠር ይበቃዋል አለችን። ተሳሳቅን። አንዷ «ዐሥራ ስድስት» ሲባል «ሥራ ፍቱ» ብላ ደገመችና ዶርሙ በሳቅ ተናጋ። እኔም አብሬ እየሳቅሁ ነበር፤ ድንገት ግን ሳቄ ቆመ። ከኋላ ሲጠሯት የማትሰማ ልጅ አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ዴስክ አብሬያት ተቀምጫለሁ።

የተወለድኩት ከትክል ድንጋይ ወጣ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። ትክል ድንጋይ የላይ አርማጭሆ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከጎንደር ወደ ሳንጃ የሄደ ሰው ያውቃታል። የተማርኩበትን ትምህርት ቤት ስም አልጠራም። ሌላ ትምህርት ቤት ብንማር ኖሮ የተለየ ነገር ይገጥመን ነበር ብዬ አላምንምና ስሙን መጥራት ፍርደ ገምድልነት ይሆንብኛል።

የአክስቴ ልጅ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች፤ ቁመቷ ግን የሦስት ዓመት ታላቄ ያስመስላት ነበር። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጆሮዋ ይመግላል። አክስቴ ያልሞከረችው ነገር አልነበረም። ጤና አዳም ጨምቃ ጠብ አድርጋላታለች፣ ለብ ያለ ቅቤ ጨምራላታለች፣ ጠበል ወስዳታለች። አንድ ሁለት ጊዜም ጤና ጣቢያ ሄዳ ጠብታ ተሰጥቷታል። መግሉ ሲደርቅ «ተመስገን ዳነች» ተባለ፤ ሲመጣ ደግሞ ጥጥ ይወተፋል። ከጎኗ የሚቀመጡ ልጆች «ይሸታል» ብለው ይሸሿት ነበር። መስማቷ ቀስ በቀስ እየቀነሰ መሄዱን ግን ልብ ያለ ሰው አልነበረም። ጨርሶ አልደነቆረችም። ፊት ለፊት ሆነው ሲያናግሯት ትመልሳለች፤ ግማሹን በጆሮዋ ግማሹን ከከንፈር እያነበበች እንደነበር የገባኝ አሁን ነው። ከኋላ ሲጠሯት ዝም ትላለች። ቤት ውስጥ «ምን ያፈዝሻል!» ትባላለች፣ ትምህርት ቤት ደግሞ «ትኩረት የላትም»።

የዓለም ጤና ድርጅት በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር 60 በመቶው መከላከል በሚቻል ምክንያት የሚመጣ ነው ይላል። ከምክንያቶቹም አንዱ በጊዜው ያልታከመ የመሃል ጆሮ መመገል ነው። ይህን አኃዝ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ለአክስቴ መንገር አለመንገር ግራ ገብቶኝ ነበር። አልነገርኳትም።

አምስተኛ ክፍል የገባነው በ2008 ዓ.ም. ነው። በአንድ ክፍል 68 ነበርን፤ አንድ ዴስክ ላይ ሦስት፣ አንዳንዱም ላይ አራት። የአቀማመጡ ሕግ ቀላል ነው፣ አጭር ከፊት፣ ረጅም ከኋላ። ሰሌዳው ለሁሉም እንዲታይ ታስቦ ስለሆነ ፍትሐዊ ሕግ ነው። ስለ ድምፅ ያሰበ ግን አልነበረም። የአክስቴ ልጅ ረጅም ስለሆነች መጨረሻው ረድፍ፣ መስኮቱ ሥር ተመደበች። መስኮቱ መስታወት ስላልነበረው ነፋሱም የሌላው ክፍል ጩኸትም በእሱ ነበር የሚገባው።

ያን ጊዜ «አንድ ለአምስት» የሚባል አደረጃጀት ነበር። ጎበዝ የተባለ ተማሪ መሪ ይሆንና አምስት ልጆች ይዞ ይረዳል። እኔ መሪ ነበርኩ (እንዲህ ስል ጉራ እንዳይመስልብኝ፤ ጽሑፌ ቆንጆ ስለነበር ነው)። «የአክስትሽ ልጅ አይደለች? እርጃት» ተባልኩና አጭር ሆኜ ሳለ ከኋላ ከእሷ ጋር ተቀመጥኩ። እንዲህ አድርጌ የሰው ጆሮ ሆንኩ። አንድ ጊዜ በክርኔ ከጎሸምኳት «ተጠርተሻል» ማለት ነው፤ ሁለት ጊዜ ከጎሸምኳት «ተነሽ» ማለት ነው። ገጽ ቁጥሩን ደብተሬ ጠርዝ ላይ በትልቁ እጽፍላታለሁ። መምህር ቀልድ ሲያወሩ እኔ ስስቅ አይታ ትስቃለች፣ ስለዚህ ሁልጊዜ ከክፍሉ ሳቅ ትንሽ ዘግይታ ነበር የምትስቀው። ልጆቹ በዚህም ይስቁባት ነበር።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። በዓመቱ ግን ሰለቸኝ። የሰው ጆሮ መሆን ያሰለቻል። የራሴን ትምህርት እያዳመጥኩ የእሷን መጻፍ አቃተኝ፣ ከፊት ተቀምጠው የሚንሾካሾኩትን ሴቶች ልጆች ቀናሁባቸው። እናቴን «እማየ፣ ቦታ ልቀይር» ብላት «ዘመድሽን ጥለሽ ወዴት?» አለችኝ። ተቀመጥኩ፣ ግን እየተነጫነጭኩ። አንዳንድ ቀን ሆን ብዬ አልጎሽማትም ነበር።

ስድስተኛ ክፍል፣ 2009 ዓ.ም.፣ የአማርኛ ክፍለ ጊዜ። የቃል ጽሕፈት ፈተና ነበር፤ ዐሥር ቃላት። መምህራችን ጎበዝም ደግም ሰው ነበሩ። በዱላ አያምኑም፤ በዚያ ጊዜ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። እንዳንኮራረጅ በዴስኮቹ መካከል እየተዘዋወሩ ቃሉን ሁለት ሁለት ጊዜ ይጠሩ ጀመር። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቃላት ከፊት ሆነው ስለጠሯቸው የአክስቴ ልጅ ጻፈች። ከአራተኛው ጀምሮ ከኋላችን ቆሙ። እሷም አንገቷን ወደ ወረቀቴ አዞረች።

«አንቺ!» አሉ መምህር። አልሰማችም። አሁንም «አንቺ!» አሉ። ወረቀቴን ማየቷን ቀጠለች። ይህ ደግሞ ከኩረጃም የባሰ ንቀት መሰለ። ወረቀቷን ቀሙና ወደ እኔ ዞረው «መሪ፣ ስትኮርጅ አይተሻል?» ብለው ጠየቁኝ።

«አዎ» አልኩ።

ውሸት አይደለም። ኮርጃለች። ነገር ግን ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም ነበር፤ «ስለማትሰማ ነው» የሚል ይቀረው ነበር። ዛሬ በዜና አጻጻፍ ክፍል ግማሽ እውነት ስለሚያደርሰው ጉዳት ስንማር ሌላው ተማሪ ምሳሌ ከጋዜጣ ይፈልጋል። እኔ ግን የምፈልገው የለም።

ዜሮ ተሰጣት። ሰሌዳው ሥር፣ ፊቷን ወደ እኛ አዙራ እንድትንበረከክ ተደረገ፤ ፈተናው ተሰብስቦ ትምህርቱ እስኪያልቅም እንደተንበረከከች ቆየች። በማግሥቱ መጣች፣ በሳምንቱ ቀረች። «ወገቧን አሟት ነው»፣ «ገበያ ነው»፣ «እናቷን ልትረዳ ነው» እየተባለ ስሟ ከጥሪ ወረቀቱ ላይ ወጣ። እኔ ስምንተኛ ክፍል ስፈተን እሷ ትክል ድንጋይ ገብታ ምግብ ቤት እንጀራ ትጋግር ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ወረቀቱ ምን ይል እንደነበር ልብ በሉልኝ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የልዩ ትምህርት መምህራን ሥልጠና በመደበኛው የመምህራን ሥልጠና ውስጥ እንደሚሰጥ ጽፎ ነበር። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ በ1998 ዓ.ም. ወጥቶ በ2004 ዓ.ም. ተከልሷል። ከ2016 እስከ 2025 እ.ኤ.አ. የሚደርስ የዐሥር ዓመት መሪ ዕቅድም ነበር። የሚያሳዝነኝ ደግሞ ይኸኛው ነው። እሷ በተንበረከከችበት በዚያው በ2009 ዓ.ም.፣ እዚሁ ጎንደር፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በአካል ጉዳተኝነትና በአካቶ ላይ ያተኮረ የዐሥር ዓመት ፕሮግራም መጀመሩ ይፋ ሆኗል። ፕሮግራሙን ለመንቀፍ አይደለም፤ ስንቱን አስተምሯል። ግን ከጎንደር ትክል ድንጋይ ቅርብ ነው። ዕውቀቱ ያን ያህል ርቀት ለመሄድ ስንት ዓመት ይፈጅበታል?

በ2012 ዓ.ም. ገደማ የትምህርት ሚኒስቴር ዓመታዊ አኃዝ በአንደኛ ደረጃ ከልዩ ፍላጎት ልጆች ትምህርት ቤት የገቡት አንድ ዐሥረኛ ገደማ መሆናቸውን ያሳያል። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። የአክስቴ ልጅ ከየትኛው ወገን ተቆጠረች? ገብታ ነበር። ስድስት ዓመት ተመዝግባለች። ግን «መስማት የተሳናት» የሚለው ዓምድ ሥር ማንም ስሟን አልጻፈም፤ ስትወጣም እንደ ማንኛዋም የገጠር ልጅ «አቋረጠች» ተብላ ነው የወጣችው።

እንግዲህ የፊቸር አጻጻፍ መምህራችን ርዕስ ምረጡ ሲሉን «የመደበኛ መምህራን ለአካቶ ትምህርት ያላቸው ዝግጁነት» ብዬ አስመዘገብኩ። ርዕሱ የሚያስፈራ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚመስል ነው። ውስጤ ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር የማስበው፣ የአማርኛ መምህራችን።

ትምህርት ቤቱ ድረስ ልሄድ አልቻልኩም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ ስንት መምህርም እንደተበተነ ታውቁታላችሁ። የእኛም መምህር ቤተሰባቸውን ይዘው ጎንደር ገብተው እዚሁ ማስተማር መጀመራቸውን ሰማሁ። ስልካቸውን አፈላልጌ ደወልኩ፤ ፒያሳ አካባቢ ሻይ ቤት ተገናኘን። ፀጉራቸው ሸብቷል። አላወቁኝም። የአባቴን ስም ስነግራቸው «እንዴ! ያቺ ጽሑፈ ቆንጆዋ!» ብለው አቀፉኝ። የመቅረጸ ድምፄን ቁልፍ መጫን አፈርኩ።

እንደ ጋዜጠኛ ከሩቁ ጀመርኩ። «ቲቸር፣ ኮሌጅ ሳሉ ስለ አካቶ ትምህርት ተምረው ነበር?»

«እንዴታ! አንድ ኮርስ ወስጃለሁ፣ ኤ ነው ያመጣሁት» አሉ እየሳቁ። «የሳላማንካ መግለጫ መቼ ወጣ በይኝ፣ አሁን ልንገርሽ።»

እኔም ሳቅሁ፣ ግን ከአንጀቴ አልነበረም። እኔና እሳቸው በተለያየ ዘመን፣ በተለያየ ተቋም፣ አንድ ዓይነት ኤ ነበር ያገኘነው።

ቀጥለው ብዙ ነገር አጫወቱኝ። ከትምህርት ቤት በፊት የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ቅኔ ያስተማሯቸው የኔታ ዓይነ ስውር ነበሩ፤ ከመቶ የሚበልጥ ተማሪ በድምፁ ይለያሉ፣ ከኋላ ያንቀላፋውን ጭምር «አንተ፣ ተነሥ» ይሉታል። «ለዓይነ ስውር ልጅ የእኛ የአብነት ትምህርት ቤት ከማንም ቀድሞ በሩን ከፍቷል» አሉ። እውነት ነው፤ ትምህርቱ በቃል የሚሄድ፣ በጆሮ የሚጠና ስለሆነ ዓይን ማጣት ከቅኔም ከዜማም አያስወጣም። ጎንደር በአታን በመሰለ የአቋቋም ምስክር ቤት ባለበት አገር ይህን የማያውቅ የለም። ቆም አሉና ግን «መስማት የተሳነው ልጅ ግን አብሮኝ ሲማር አንድም አላየሁ። እንዴት ብሎስ ይገባል?» ብለው ራሳቸውን ጠየቁ። የአስኳላው ትምህርት ቤት ሰሌዳም መጽሐፍም አለው፤ ለዚያ ልጅ የተሻለ መሆን ነበረበት። እኛ ግን ሰሌዳው እያለ በቃል የምናስተምር ሆንን።

ሌላም ነገረኝ ብለው ያነሡት አለ። በፖሊዮ እግሩ የሰለለ ልጅ ክፍላቸው ነበር፤ በምርኩዝ የሚሄድ። ግፊያ እንዳይጎዳው ከሌላው አምስት ደቂቃ ቀድሞ እንዲወጣ ያደርጉ ነበር፣ ክፍሉ ከደረጃው በላይ ሲመደብ ርዕሰ መምህሩን ለምነው ወደ ታች አስቀይረውለታል። ማንም አላስተማራቸውም፤ አይተው አዘኑ፣ አዝነው አደረጉ። በወረዳው ስብሰባ ላይ ተመስግነውበታል።

ያኔ ነው የጠየቅኋቸው። «የአክስቴን ልጅ ያስታውሷታል? ያቺ ረጅሟ፣ ከእኔ ጋር ትቀመጥ የነበረችው።»

ሻያቸውን አስቀመጡ። ብዙ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ (መምህራችን በቃለ መጠይቅ ጊዜ ዝምታን አትሸሹ ይሉናል፤ ለካ ይከብዳል)።

«የቃል ጽሕፈቷ» አሉ በመጨረሻ። «አውቃለሁ። የዚያን ዕለት አላወቅሁም። ያወቅሁት በ2011 ክረምት ዲግሪዬን ስማር ነው። አንድ አስተማሪ ከኋላችን ቆሞ ቁጥር እየተናገረ 'ይህን የማይሰማ ልጅ ክፍላችሁ ውስጥ አለ፣ ሰነፍ ብላችሁታል' አለን። ያኔ ልቤ ክው አለ። እሷ ነበረች ወዲያው ድቅን ያለችብኝ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ምርኩዝ ይታያል። ጆሮ እኮ አይታይም፣ ልጄ» አሉኝ።

«እኔ አውቅ ነበር» አልኳቸው። «ሲጠይቁኝ አዎ ብቻ ነበር ያልኩት።»

«አንቺ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርሽ። እኔ ነበርኩ መምህሩ» አሉ። ይህን ሲሉኝ የቀለለኝ መስሎኝ ነበር፤ አልቀለለኝም።

ዶርም ተመልሼ ለጓደኛዬ ሁሉንም ነገርኳት። እሷም አንድ ነባር ተማሪ ለምርምሩ ያዘጋጀውን መጠይቅ አሳየችኝ። «አካል ጉዳተኛ ተማሪ በክፍሌ ቢማር ደስ ይለኛል» ይልና «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው ጀምሮ እስከ «በጣም አልስማማም» ሳጥን ይሰጣል። በዚህ ዓይነት ጥያቄ የእኛ መምህር በ2009 ዓ.ም. ቢጠየቁ «በጣም እስማማለሁ» የሚለው ላይ ምልክት ያደርጉ ነበር፤ ውሸትም አይሆንም። ስለዚህ እኔ ዝግጁነት የሚባለውን በፈቃደኝነት ብቻ መለካት አልወደድኩትም። ብጠይቅ የምጠይቀው ሌላ ነው። በክፍልህ ከኋላ ሲጠሩት የማይሰማ ልጅ ማን ነው? ሰሌዳ ለማንበብ ዓይኑን የሚያጨነቁርስ? እንዴት አወቅህ? ባወቅህ ማግሥት ምን አደረግህ? መልሱ «የለም» ከሆነ፣ በ68 ተማሪ መሃል «የለም» ማለት ራሱ መልስ ነው።

በሌላ በኩል መምህሩ ላይ ብቻ መጫኑም ልክ አይመስለኝም። ቀን ከቀን 68 ልጅ፣ በቀን አምስት ስድስት ክፍለ ጊዜ፣ ጀርባን ለተማሪ ሰጥቶ ሰሌዳ ሙሉ መጻፍ (መጽሐፍ ለሦስት ልጅ አንድ ስለሆነ ነው የሚጻፈው)። በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች የአካቶ ትምህርት ድጋፍ መስጫ ማዕከል ተቋቁሞ፣ ተዘዋዋሪ መምህር በዙሪያው ላሉት ትምህርት ቤቶች እንዲደርስ ታስቧል፤ ሐሳቡ ጥሩ ነው። የምልክት ቋንቋና ብሬል ደግሞ በአንድ ኮርስ የሚያዝ ነገር አይደለም፣ ባለሙያ ይፈልጋል። ግን የአክስቴ ልጅ የምልክት ቋንቋ አልቸገራትም ነበር። የሚያስፈልጋት ከፊት መቀመጥ ነበር። መምህር ሲናገሩ ፊታቸውን ወደ እሷ ቢያዞሩ፣ ቃል ሲጠሩ አንድ ቦታ ቢቆሙ፣ ገጽ ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ቢጽፉት… በጀት አይጠይቅም። እንዲህ ያለው ነገር ግን ለፈተና አይመጣም፤ ዓመተ ምሕረቱ ነው የሚመጣው።

አሁን እሷ ትክል ድንጋይ ነው ያለችው። ቁርስ ቤት አላት፤ ሻይና አምባሻ ትሸጣለች። ደንበኞቿ ፊት ለፊቷ ቆመው ነው የሚያዙት፣ ስለዚህ ብዙው ሰው ችግሯን አያውቅም። ስልክ መደወል አይሆንላትም፤ በጽሑፍ ነው የምንገናኘው። ፊደል አታበላሽም፤ ቃል ጽሕፈት ላይ ዜሮ ያገኘች ልጅ አትመስልም። ይህን ጽሑፍ ልጽፍ መሆኑን ሳስታውቃት ብዙ ሰዓት ቆይታ «ስሜን አትጥሪ እንጅ ጻፊው» አለችኝ። ይቅርታ ጠየቅኋት። ስለ እሱ አልመለሰችልኝም። ይልቅ እንዲህ የሚል ረጅም መልእክት ላከች፤ ያን ቀን ተንበርክካ ሳለች መምህሩ ስለ ባለቤትና ተሳቢ ያስተማሩትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደተከታተለች፣ አፋቸው ጎን ለጎን ሆኖ ይታያት እንደነበር፣ በዚያ ዓመት ሙሉ በሙሉ የገባት ትምህርት እሱ ብቻ እንደሆነ። «እስከ ዛሬ አልጠፋኝም» ትላለች። «ጉልበቴ ያመኝ ነበር ግን ደወሉ ባይደወል ብዬ ነበር።»

ይህን መልእክት ለመምህሬ አነበብኩላቸው። ተነሥተው ሒሳብ ሊከፍሉ ሄዱና ቶሎ አልተመለሱም።

ሲመለሱ አሁን ስለሚያስተምሩበት ክፍል ነገሩኝ። መስከረም ላይ የመጀመሪያውን ሳምንት ስም የሚጠሩት ከክፍሉ ጀርባ ቆመው ነው። ዘንድሮ ሁለት ልጆች አገኙ። አንዱ ጤና ጣቢያ ሲላክ ጆሮው በኩክ ተደፍኖ ነበር፤ ታጠበና በሳምንቱ ዳነ። ሁለተኛዋ ሴት ናት፣ ገና ሆስፒታል ቀጠሮ እየጠበቀች ነው። ከፊት አስቀምጠዋታል። ረጅም ስለሆነች ከኋላዋ ያሉት አጫጭሮቹ «ቲቸር፣ ሰሌዳው አልታየንም» ብለው ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ከሰዋቸዋል። «ወላጅ ሁሉ መጥቶብኛል» አሉ እየሳቁ። ዳር ላይ አድርገው ማስታረቃቸውን ነገሩኝ።

ማታ ይህን ለአክስቴ ልጅ ጻፍኩላት። ስለ ኩኩም፣ ስለ ክሱም፣ ስለ ወላጆቹም። ስለ ሌላው ምንም አላለችም።

«ከፊት ስትይ፣ ተቀምጣ ነው?» አለችኝ።

«አዎ፣ ዴስክ ላይ» ብዬ ላክሁላት።